የመስክ ልምምድ ተማሪው ማን ነው? የሶሻል ወርክ ትምህርትና ሙያዊ ማንነት በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ

በሰሜን ወሎ ዞን ከወልድያ ተነሥቶ ሲሪንቃን አልፎ መርሳ፣ ከዚያም ውርጌሳ በሚያደርሰው የደሴ መንገድ ግራና ቀኝ በሚገኙ ቀበሌዎች፣ ደብተር ወይም ታብሌት ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ወጣት ማየት ለነዋሪው እንግዳ ነገር አይደለም። ባለፉት ዓመታት የተጎዳ ተመዝግቧል፣ የተፈናቀለ ተቆጥሯል፣ የፈረሰ ቤት ተለክቷል። ስለሆነም አንድ የሶሻል ወርክ ተማሪ ለመስክ ልምምድ ተመድቦ ከአንዲት እናት ደጃፍ ቢቆም፣ በቅድሚያ የሚገጥመው ጥያቄ «ልጄ፣ የምን ምዝገባ ነው?» የሚል ቢሆን የሚያስገርም አይሆንም።

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ቀላል ይመስላል። ይሁንና ብዙ ነገር የሚወሰነው በእርሱ ነው። ተማሪው «አዎን፣ ምዝገባ ነው» ካለ እናቲቱ የምትነግረው ለዝርዝር የሚሆነውን ብቻ ነው፤ የቤተሰብ ቁጥር፣ የጠፋ ከብት፣ የተቃጠለ እህል። ሌሊት እየጮኸ የሚነቃውን ሕፃን ወይም ከዐረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ከሰው የማትቀላቀለውን ልጇን ጉዳይ አታነሣም። «ምዝገባ አይደለም» ካለ ደግሞ «ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?» የሚለው ጥያቄ ይከተለዋል። በሶሻል ወርክ ትምህርት «ሙያዊ ማንነት» የሚባለው ረቂቅ ሐሳብ ወደ ምድር ሲወርድ ይኸው ነው፦ ይህንን ሁለተኛ ጥያቄ የሐሰት ተስፋ ሳይሰጡና ሳያፍሩ መመለስ መቻል። መልሱ ተማሪውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። አገልግሎት ፈላጊው ዜጋ ችግሩን ለማን፣ በምን ያህል መተማመን እንደሚገልጥ የሚወስን በመሆኑ የተገልጋዩም ጉዳይ ነው።

ሠላሳ ዓመት የተቋረጠ ሙያ

በኢትዮጵያ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ ነው። ትምህርት ቤቱ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ባለሙያዎችን ሲያፈራ ቆይቶ፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተዘጋ፤ ዘርፉም በሶሲዮሎጂ ትምህርት ውስጥ እንዲጠቃለል ተደረገ። ትምህርቱ በራሱ ስም የተመለሰው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 የሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብር ሲከፍት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የዶክትሬት ትምህርት ተጨመረ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ሌሎች ተቋማትም በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ማስተማር ቀጠሉ።

ይህ ታሪክ ለወልድያና ለመርሳ ተገልጋይ የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። ሐኪም ከሐኪም ጎን ቆሞ ይማራል፤ ዳኛም ከዳኛ። የሶሻል ወርክ ተማሪም ሙያውን የሚቀዳው በክፍል ውስጥ ካነበበው ይልቅ በመስክ ከሚመራው ባለሙያ ነው። ትምህርቱ ለሠላሳ ዓመት ያህል በመቋረጡ ዛሬ በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የቡድን መሪ ወይም አንጋፋ ባለሙያ መሆን የነበረበት ትውልድ በሙያው ሳይሠለጥን ቀርቷል። በቦታው የሚገኙት በአብዛኛው የሶሲዮሎጂ፣ የሥነ ልቦና፣ የሕግ ወይም የሥራ አመራር ምሩቃን ናቸው። ብዙዎቹ በትጋት የሚሠሩና አካባቢያቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ቢሆኑም፣ ተማሪው «ሶሻል ወርከር እንዲህ ያደርጋል» ብሎ የሚያይበት መስታወት ሊሆኑለት ይቸገራሉ። የሥራ ማስታወቂያዎችም ሶሻል ወርክን ከሶሲዮሎጂና ከሥነ ልቦና ጋር «ወይም» በሚል ቃል ደርድረው ስለሚያወጡ፣ ተማሪው ገና ሳይመረቅ ሙያው በሌላ ሊተካ የሚችል መሆኑን ይረዳል።

ስሙ ራሱ ያልተቋጨ ነገር ነው። «ማኅበራዊ ሥራ»፣ «ማኅበራዊ አገልግሎት»፣ «የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ» የሚሉት አጠራሮች ለየብቻቸው ትክክል ቢመስሉም፣ ለአንድ አርሶ አደር ሦስቱም የሚያስታውሱት ጽሕፈት ቤትን እንጂ ሙያን አይደለም። ተማሪዎች በመጨረሻ «ሶሻል ወርክ» የሚለውን የውጭ ቃል እንዳለ ይዘው መውጣታቸው ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ የተሻለ ስላልቀረበላቸው ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ መደረጉ የእውቀት ደረጃን ለማመጣጠን ይረዳል። ሆኖም አንድ ወጣት የምታለቅስ ሴት ፊት ዝም ብሎ መቀመጥ መቻሉን፣ ወይም ቃል ሊገባው የማይገባውን ነገር ቃል አለመግባቱን የትኛውም የምርጫ ጥያቄ ሊለካ አይችልም። ይህ የሚለካው በመስክ ብቻ ነው።

ወሎ ለተማሪው የሚያቀርበው ፈተና

ወሎ የኢትዮጵያ ተማሪዎች የሕዝባቸውን ችግር ፊት ለፊት ካዩባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ በተሸፋፈነበት ወቅትም ከዩኒቨርሲቲው መምህራን መካከል ወደ ስፍራው ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ለዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ያሳዩ ነበሩ። በዚያ ዘመን የተማሪው ማንነት የተቀረጸው በምስክርነትና በቁጭት ነበር። ምስክርነት ግን ከሙያ ይለያል። ምስክር ያየውን ለዓለም ይናገራል፤ የሶሻል ወርክ ባለሙያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሰማውን የመያዝ ግዴታ አለበት። ዛሬ ማንኛውም ወጣት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሣት በሚችልበት ዘመን ይህ ልዩነት ከቀድሞው ይልቅ ጎልቶ ሊሰመርበት ይገባል።

የቅርቡ ታሪክ የበለጠ ከባድ ነው። ወልድያ፣ መርሳና አካባቢያቸው ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ አልፈዋል። የጤናና የትምህርት ተቋማት ለጉዳት ተዳርገዋል፣ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ከጉዳቱ አላመለጠም። በሀብሩ ወረዳ የሚገኘው የጃራ መጠለያ ጣቢያ ከተለያዩ አካባቢዎች ተፈናቅለው የመጡ ወገኖችን ሲያስተናግድ ቆይቷል። ከፕሪቶሪያው የጥቅምት 2015 ስምምነት በኋላም ክልሉ ከጸጥታ ችግር ሙሉ በሙሉ አልተላቀቀም። ከዚህ ሁሉ ጎን፣ ከጦርነቱም በፊት የነበረ አንድ ጉዳይ አለ፤ የወጣቶች፣ በተለይም የሴቶች፣ ወደ ዐረብ አገራት መሰደድ። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ እንዲመለሱ ሲደረግ፣ ሰሜን ወሎ ተመላሾችን ከተቀበሉ አካባቢዎች መካከል ነበር።

በእንዲህ ዓይነቱ ስፍራ ለልምምድ የሚመደብ ተማሪ በአብዛኛው የሚሰጠው ሥራ መመዝገብ ነው። ጽሕፈት ቤቱ የሰው ኃይል ያጥረዋል፣ ሪፖርት በቀነ ገደብ ይፈለጋል፣ ተማሪው ደግሞ ይጽፋል፣ ኮምፒውተር ይችላል። ምዝገባ በራሱ ክፉ ሥራ አይደለም፤ ያለ ዝርዝር እርዳታ በፍትሕ ሊከፋፈል አይችልም። ችግሩ ሦስትና አራት ወር በዝርዝር ላይ ብቻ የቆየ ተማሪ፣ ሶሻል ወርክ ማለት ዝርዝር ማለት ነው ብሎ መመረቁ ነው። ያን ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት በሠራተኝነት የሚያገኘው ተገልጋይ የሚጠብቀውም ከዝርዝር ያለፈ አይሆንም። እንዲህ እያለ ሁለቱም ወገን አንዱ ከሌላው ጥቂት መጠበቅን ይለማመዳል።

በአንጻሩ አካባቢው ለሙያው ለም አፈር ነው። በሌላው አገር እድር የሚባለው በወሎ ቅሬ ይባላል። በቅሬ አማካይነት ማን እንደሞተበት፣ ማን ታሞ እንደተኛ፣ ማን ደግሞ ከሰሞኑ ከሰው እንደራቀ ይታወቃል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሐዘንም በደስታም የሚጠራሩበት ባህል፣ ቡና ተፈልቶ ዱዓ የሚደረግበት ሥርዓት፣ ጠብ የሚያበርዱ የአገር ሽማግሌዎች፣ እነዚህ ሁሉ ተማሪው ከመምጣቱ አስቀድሞ የነበሩ የማኅበራዊ አገልግሎት ተቋማት ናቸው። የቅሬ መሪን አክብሮ የቀረበ ተማሪ በአንድ ከሰዓት የሚረዳውን ነገር በመጠይቅ ወር ሙሉ ላያገኘው ይችላል።

ነገር ግን ቅሬ የሚያውቀው የተነገረውን ነው። ጎረቤት እንዳይሰማ የሚደበቀው፣ ለምሳሌ የተደፈረች ሴት ጉዳይ ወይም በቤት ውስጥ የሚፈጸም ድብደባ፣ በቅሬ ስብሰባ አይነሣም፤ በሽማግሌ ቢያዝም ዕርቅ ማውረድ ከተጎጂዋ ደኅንነት ሊቀድም ይችላል። የሙያው ልዩ ድርሻ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቅሬው በቆመበት የሚቀጥል፣ የሰማውን ይዞ የሚሄድና ወዴት እንደሚያደርሰው የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ተማሪው ራሱን በዚህ ስፍራ ማየት ሲጀምር፣ ከመዝጋቢነት ወጥቶ ወደ ባለሙያነት መንገድ ገብቷል ማለት ይቻላል።

ቡናን በተመለከተ አንድ ትንሽ ነገር ማከል ተገቢ ነው። ከውጭ የተቀዱ የሥነ ምግባር ትምህርቶች ተማሪው ከተገልጋይ ስጦታ እንዳይቀበል ያስተምራሉ። መርሳ ላይ የቀረበለትን ቡና «ደንብ አይፈቅድልኝም» ብሎ የሚመልስ ተማሪ ግን ደንቡን አክብሮ ሰውን ይነፍጋል። ቡናው ጉቦ አይደለም፤ ማስታወሻ ደብተሩ የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ብዙ ነገር የሚነገረውም ደብተሩ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ችግሩ ደግሞ እዚያ ላይ የሚነገረውን በምን ፈቃድ ወደ መዝገብ ማስገባት ይቻላል የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ ቀላል ነው፤ ተናጋሪውን መጠየቅ።

ሁለት ታማኝነት

አንዲት ተማሪ በሀብሩ ገጠር ቀበሌ ለልምምድ ተመድባለች እንበል። ደጋግማ ከምትጎበኘው ቤት ያለች የ15 ዓመት ልጅ በሚቀጥለው ወር ልትዳር መሆኗን በሹክሹክታ ትነግራታለች። ቤተሰቡ ተማሪዋን እንደ ልጁ ተቀብሏታል፤ ጋብቻውን የያዙት የአገር ሽማግሌዎችም ወደ ቀበሌው ያስገቧት ሰዎች ናቸው። በክልሉም ሆነ በፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ማግባትን እንደ ተጎጂዋ ዕድሜ እስከ 3 ወይም እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

ሕጉ ግልጽ ነው። ለተማሪዋ ግልጽ የማይሆንላት የራሷ ቦታ ነው። ምስጢር ጠባቂ ናት ወይስ ጠቋሚ? በክፍል ውስጥ ስለ ምስጢር ጠባቂነት ስትማር ገደብ እንዳለው፣ የሕፃን ደኅንነት አደጋ ላይ ሲወድቅ ዝምታ እንደማይፈቀድ ሰምታለች። መስክ ላይ ግን ገደቡ የሰው ፊት አለው፤ እንጀራ ያጎረሰቻት እናት ፊት ነው። ጉዳዩን ብቻዋን ይዛ ወደ ፖሊስ ብትሮጥ ልጅቷን በቤተሰቧ ዘንድ ለበቀል ልታጋልጣት ትችላለች። ዝም ብትል ደግሞ ልጅቷ የተናገረችበት ምክንያት ከንቱ ይሆናል። ወላጆችም ሁልጊዜ ከክፋት አይነሡም፤ ችግር፣ ዕዳ፣ ወይም ልጃቸው ሳታገባ ትሰደዳለች የሚል ስጋት ሊገፋቸው ይችላል፤ የልደት ማስረጃ በሌለበትም ዕድሜ ራሱ አከራካሪ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚያስፈልጋት የመስክ አማካሪ ነው፤ በዚያው ዕለት ስልክ የሚያነሣ፣ ጉዳዩን ከወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ከትምህርት ቤቱና ከፍትሕ አካላት ጋር በየትኛው ቅደም ተከተል እንደምታያይዝ የሚያሳያት ሰው። እንዲህ ዓይነት አማካሪ ያገኘች ተማሪ ከዚያ ጉዳይ ባለሙያ ሆና ትወጣለች። ያላገኘች ደግሞ ከሁለት አንዱን ትማራለች፤ ወይ ምንም እንዳልሰሙ መሆንን፣ ወይ ሰውን እንደ መዝገብ ቁጥር ማስተላለፍን። የሶሻል ወርክ ትምህርት ጥራት በዚህች አንዲት ስልክ ላይ ይንጠለጠላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላው ብዙም የማይነገር ጉዳይ ተማሪው ራሱ የአካባቢው ልጅ ሲሆን ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የተፈናቀለ፣ ዘመድ የቀበረ ወይም ትምህርቱ የተቋረጠበት ወጣት፣ ዛሬ ሌላውን ለማጽናናት ይላካል። ይህ ትልቅ ሀብት ሊሆን ይችላል፤ የሚነገረውን ቋንቋም ዝምታም ያውቀዋልና። አደጋም አለው። የተገልጋዩን ታሪክ ሲሰማ የራሱን የሚሰማ ተማሪ ወይ ቶሎ ይመክራል ወይ ቶሎ ይሸሻል። ከወለጋ የተፈናቀለ፣ ከራያ የመጣና በመርሳ ተወልዶ ያደገ ሰው አንድ ወረፋ ላይ ሲቆሙ ደግሞ የማንን ሕመም አስቀድሞ እንደሚያደምጥ ይፈተናል። አማካሪ «ዛሬ ስንት ቤት ጎበኘህ?» ብሎ ከመጠየቅ አልፎ «ዛሬ የሰማኸው ነገር ምን አደረገህ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ቅንጦት መስሎ የሚታያቸው ኃላፊዎች ይኖራሉ፤ ነገር ግን የራሱን ቁስል የማያውቅ ረዳት ዋጋ የሚያስከፍለው ተገልጋዩን ነው።

ተገልጋዩ ከተማሪው ምን ሊጠብቅ ይችላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን ለማቋቋምና ለመርዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። በ2007 ዓ.ም. የጸደቀው ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም ለጥቃትና ለበደል የተጋለጡ ወገኖችን መጠበቅ ከትኩረት መስኮቹ አንዱ አድርጓል። እነዚህ ድንጋጌዎች በቀበሌ ደረጃ ሰው ሆነው የሚታዩት በሠራተኞች አማካይነት ነው፤ ከእነርሱ መካከል ደግሞ የልምምድ ተማሪዎች ይገኛሉ።

ተማሪ ወደ ቤቱ የመጣበት ወይም በጽሕፈት ቤት ያነጋገረው ዜጋ ከሁሉ አስቀድሞ ማንነቱን የመጠየቅ መብት አለው፤ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደመጣ፣ በየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደተመደበ፣ ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ። የተማሪነት መታወቂያና የምደባ ደብዳቤ ይዞ መንቀሳቀስ ይጠበቅበታል። «ተማሪ ነኝ» ብሎ መናገር ደግሞ የሚያሳፍር ሳይሆን የሙያው ሥነ ምግባር የሚያዝዘው ነው። ተገልጋዩ ከተማሪ ይልቅ በቋሚ ባለሙያ መስተናገድን ቢመርጥ ይህን መግለጽ ይችላል፤ በዚህ ምክንያትም የሚገባው አገልግሎት ሊጓደልበት አይገባም።

ተማሪ ሰውን ከእርዳታ ዝርዝር የማስገባትም ሆነ የማውጣት ሥልጣን የለውም። ይህን በግልጽ መናገር የሚጠቅመው ሁለቱንም ወገን ነው። ተስፋ የተሰጠውና ያልተፈጸመለት ሰው ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ባለሙያ ሁሉ በሩን ይዘጋልና። ተማሪው ማድረግ የሚችለው ማድመጥ፣ የትኛው ጽሕፈት ቤት ምን እንደሚሰጥ ማስረዳት፣ ማመልከቻ መጻፍ ለማይችል ሰው ማገዝ፣ ጉዳዩን በአማካሪው በኩል ወደሚመለከተው አካል ማስተላለፍና ተመልሶ መጥቶ የደረሰበትን መንገር ነው። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ተገልጋዩ አጥብቆ ሊጠይቀው የሚገባውም እርሱን ነው።

የሚነገረው ነገር የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየውና ለትምህርት ሪፖርት ከዋለ ስም እንደማይጠቀስበት አስቀድሞ ሊገለጽ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የግል መረጃ ያለ ሕጋዊ ምክንያት እንዳይሰበሰብና እንዳይተላለፍ ይደነግጋል። ፎቶግራፍ ለመነሣት «አልፈልግም» ማለት ይቻላል። ጥቃት የደረሰባት ሴት ጎረቤት በሌለበት ክፍል፣ ከተቻለም በሴት ባለሙያ እንድትደመጥ ልትጠይቅ ትችላለች። የሕፃን ሕይወት ወይም ደኅንነት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ተማሪው የሰማውን ለአማካሪው ማሳወቅ እንዳለበት ተገልጋዩ ከመጀመሪያው ማወቅ ይኖርበታል።

ቅሬታ ያለው ሰው በመጀመሪያ ተማሪው ለተመደበበት ጽሕፈት ቤት፣ ምላሽ ካላገኘ በወልድያ ለሚገኘው የዞኑ መምሪያ ማቅረብ ይችላል፤ የተማሪውን ስምና የተነጋገሩበትን ቀን መያዝ ጉዳዩን ያቀለዋል።

የልምምድ ጊዜ አጭር ነው። ተማሪው በወራት ውስጥ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይመለሳል፣ የጀመረው ጉዳይ ግን በዚያ ጊዜ ላይቋጭ ይችላል። በመርሳ ገበያ ዳር የምትኖር አንዲት አሮጊት በሰኔ «ያቺ ልጅ የት ገባች?» ብላ ብትጠይቅ መልስ የሚሰጣት ሰው ሊኖር ይገባል። ስለዚህ ተማሪዎች ከመሄዳቸው አስቀድሞ እያንዳንዱን ጉዳይ በጽሑፍ ለቋሚ ባለሙያ ማስረከብ፣ ከተቻለም ተረካቢውን ይዘው ወደ ቤቱ በመሄድ ማስተዋወቅ ይጠበቅባቸዋል። ጉዳያቸው በተማሪ የተያዘ ተገልጋዮች ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንዱ «አንተ ስትሄድ ጉዳዬን የሚይዘው ማን ነው?» ብለው ቢጠይቁ ተገቢ ነው፤ ተማሪው ወዲያው መመለስ ካልቻለ ጥያቄውን ይዞ ወደ አማካሪው ይሄዳል።